ሐጂ አኑዋር እግራቸውን አንጠልጥለው የቀሩበት መኪና

ስለ መኪና የሚያወራ ሐበሻ ለንደን ውስጥ ሞልቷል፤ መኪና የሚያውቅ ግን እኔ ኃይለልዑል ነኝ። ለጉራ አይደለም። ፊደል አልቆጠርኩም፣ ትምህርት ቤትም በአጥሩ በኩል ነው የማውቀው፤ ግን ኮፈኑ ሳይከፈት ሞተሩ ሲያጉረመርም ሰምቼ ምኑን እንዳመመው እናገራለሁ። ፒያሳ ላይ ይሄን የሚመሰክሩልኝ ሰዎች ነበሩ፣ አሁን አብዛኞቹ ሞተው ነው እንጂ።

የማወራው ግን ስለራሴ አይደለም፣ ስለ ከማለዲን ነው። እሱ ራሱ ይሄን ታሪክ አያወራውም። አንድ ሰው ከጀመረው እንኳ ተነስቶ ውሃ ሊጠጣ ይሄዳል። እኔም ብሆን ሳወራው ደስ ብሎኝ አይደለም፤ አንድ ቦታ ላይ ስደርስ ፊቴ ይግላል፣ ስትደርሱበት ታውቁታላችሁ።

ከማለዲን ክላፋም ውስጥ እኔ የምኖርበት የካውንስል፣ የቀበሌ ቤት በሉት፣ ፎቅ ላይ ነው የሚኖረው፣ በሩ ከበሬ ፊት ለፊት ነው። የደሴ ልጅ ነው። ሃምሳ ሊሞላው ምንም አልቀረውም። ቀይ ባስ ይነዳል። በልጅነቱ ከደሴ ወጥቶ ካርቱም ገባና እዚያ የሰው መኪና ሲያጥብ ወጣትነቱ አለቀ። እዚህ ከመጣ በኋላ ደግሞ ወረቀት እስኪሰጡት ሆስቴል ተቀመጠ፣ ወረቀቱን ሲያገኝ ባስ ጋራዥ ገብቶ ባስ አጠበ፣ ከዚያ ተምሮ ነጂ ሆነ። እንግዲህ ዕድሜውን ሙሉ የሰው መኪና ሲወለውልና ሲነዳ የኖረ ሰው አንድ አሮጌ ቶዮታ ሲገዛ ምን እንደሚሰማው ሌላው ባይገባው እኔ ይገባኛል። ያኔ በጨርቅ እያሻሻት፣ «ጋሼ፣ ቤቱ የካውንስል ነው፣ ባሱ የካምፓኒው ነው፣ ይቺ ግን የኔ ናት» አለኝ። ጋሼ ነው የሚለኝ፣ ያከብረኛል።

መጀመሪያ ቸርኬውን ቀየረ፤ ጥቁር ሆኖ ጠርዙ ቀይ። ከዚያ መኪናዋን ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ ላስቲክ መሰል ነገር አለበሳት፣ ራፕ ይሉታል፤ ጥላ ውስጥ ሰማያዊ ናት፣ ፀሐይ ሲነካት አረንጓዴ ትሆናለች፣ ፀሐይ ካለ ማለት ነው። የኋላውን መስተዋት አጠቆረው። ክንፍ ተከለላት። ከሆዷ ስር ሰማያዊ መብራት አበጀላት፣ ቆማ ሳያት ባህር ላይ የቆመች ነበር የምትመስለኝ። በሩ ሲከፈት ደግሞ ከበሩ ስር መሬቱ ላይ የዘውድ ስዕል የምታበራ ትንሽ መብራት አለች፣ አራቱም በር ላይ። ማንም ሲወርድ ዘውድ ረግጦ ነው የሚወርደው። የዘውድ መረገጥ እኔን አልደነቀኝም፣ በኛ ዘመን የለመድነው ነገር ነው።

የድምፁ ነገር ግን ሌላ ነው። ሰው ሁሉ የሱን መኪና ሲያይ የጎረምሳ ዘፈን ሊያስጮህባት ነው ብሎ ያስባል። ከማለዲን ዘፈን አይሰማም። መንዙማ ነው የሚሰማው። «ስልክ ላይ ስከፍተው ድቤው ካርቶን ሲመታ ነው የሚመስለው፤ ልጅ ሆኜ መውሊድ ላይ ግን ድቤው እዚህ ጋ ነበር የሚመታኝ» ብሎ ደረቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። ያን ድቤ ፍለጋ ነው እንግዲህ የበሮቹን ስፒከር ያስቀየረው፣ ቆርቆሮው እንዳይንቀጫቀጭ በየበሩ ሆድ ውስጥ ወፍራም ምንጣፍ ያስለጠፈው፣ ከወንበር ስር ማጉያ ያስቀበረው። መጨረሻ ላይ ቡቱ ውስጥ፣ የኋላው የዕቃ ቦታ ማለቴ ነው፣ የልጅ አልጋ የሚያክል ሳጥን አስገባ፤ ሳጥኑ ላይ ሰፌድ ሰፌድ የሚያህሉ ሁለት ስፒከሮች። ከዚያ በኋላ ቡት የሚባል ነገር ቀረ። ሽንኩርት እንኳ ቢገዛ የኋላ ወንበር ላይ ነው የሚያስቀምጠው። ግን ድቤው መጣ። በእውነት መጣ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ መንዙማ ሰምቼ አላደግኩም፣ ያን ቀን ግን አብሬው ተቀምጬ ስሰማ ድቤው በወንበሩ በኩል ገብቶ ጎድን አጥንቴን ሲደቃው ዝም አልኩ። ዝም ማለት ደግሞ አልወድም።

ምክንያቱም ወፍራም ድምፅ መኪና ውስጥ ማስገባት አዲስ አበባ ላይ የተጀመረው በኔ ነው። ሰይቸንቶ ታክሲ ነበረችኝ። ወንበሯን ቀይ ከፋይ አልብሻት፣ በመስተዋቷ ዙሪያ ዘርፍ አንጠልጥዬላት፣ ክላክሷ ሦስት ዓይነት ድምፅ ነበረው። የራዲዮ ስፒከር አውጥቼ እንስራ ውስጥ ከትቼ ከኋላ ወንበር ስር አስቀመጥኩት። እንስራ ምን እንደሚያደርግ የሚያውቅ ሰው አልነበረም ያኔ፤ ድምፁን ያረግዘዋል። ሰው አራት ኪሎ እወርዳለሁ ብሎ ተሳፍሮ ዘፈኑ ካላለቀ አልወርድም ይል ነበር። በኋላ አንድ የቀበሌ ሊቀመንበር ተሳፈረና፣ ይሄ ሁሉ ድምፅ ከየት ነው ጓድ አለኝ፣ ከእንስራ ነው አልኩት። እንስራ ውስጥ ያለው ድምፅ ብቻ መሆኑን አላመነም። ሰብሮ አየው። ድምፅ ብቻ ነበር። ይሄ እንግዲህ ሌላ ታሪክ ነው።

ወደ ከማለዲን ልመለስ። ይሄ ሰው ትዳር አልያዘም ነበር። ወረቀት ሲጠብቅ፣ ባስ ሲያጥብ፣ ጊዜው ሄደበት። ኋላ ሰቢሃ መጣች። ሰቢሃ ክላፋም ውስጥ አዛውንቶች የሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው፣ ባሏ ከሞተ ቆይቷል፣ ማለዳ ማለዳ የምትሳፈርባት ባስ የሱ ነበረች። የለንደን ባስ ነጂ ማንንም አይጠብቅም፣ በሩ ላይ ደርሰህ እየደበደብክ ይሄዳል። ከማለዲን ግን ሴትየዋ ከሩቅ ስትሮጥ ካየ በሩን ከፍቶ መስተዋት ሲያስተካክል ይቆያል። መስተዋቱ ያን ያህል ሲበላሽ ሰቢሃ ነገሩ ገባት። እሷም ወደደችው። ፊት ለፊት የምትናገር፣ ሳቂታ ሴት ናት።

አባቷ በሕይወት ስለሌሉ ጉዳዩ ያለው በታላቅ ወንድሟ እጅ ነው። እሳቸው ካልፈቀዱ ኒካህ የለም። ወንድሟ ሐጂ አኑዋር ናቸው፤ በዕድሜ አባቷ ይሆናሉ፤ ስትሪትሃም ይኖራሉ። ድሮ ኮምቦልቻ ጨርቅ ይነግዱ ነበር። ረጅም፣ ንፁህ፣ ነጭ ኮፍያቸው ጠመም ብላ የማትታይ ሰው ናቸው። ጉልበታቸው ግን አልቋል፣ ያለ መራመጃ አይንቀሳቀሱም።

ከማለዲን እኚህ ሰው እንዲያዩት ብሎ አንድ ጁምዓ መስጊድ በር ላይ መኪናዋን አቁሞ፣ መስኮቱን አውርዶ፣ መንዙማውን ለቀቀው። ስንት የለፋበትን ድቤ ማሰማቱ ነው። ሐጂ አኑዋር ከመስጊድ ሲወጡ ክንፉን አዩ፣ ከስሯ ሰማያዊ መብራት ሲፈስ አዩ፣ ደረታቸው ሲንቀጠቀጥ ተሰማቸው፣ አልፈው ሄዱ። ማታ ለሰቢሃ፣ «ጭፈራ ቤት ጎማ አብቅሎ ሲሄድ ያየሁት ዛሬ ነው» አሏት። እሷም እንዳለ ለከማለዲን ነገረችው። ደብቃ የምታጣፍጥ ሴት አይደለችም አልኳችሁ።

ከዚያ በኋላ መኪናዋ ድዳ ሆነች። ከማለዲን ራዲዮ እንኳ አይከፍትም። ከባስ ሲመለስ በመኪናዋ በኩል አያልፍም፣ በጓሮ ዞሮ ነው የሚገባው። የሰው ዕቃ የሰረቀ ነው የሚመስለው። እኔ ብዙ አጽናናሁት፣ ስለ እንስራውም ነገርኩት፣ እንደሰማኝ ግን እንጃ።

ሰቢሃ ናት መንገድ ያመጣችው። ሐጂ ቅዳሜ ቅዳሜ ኤሌፋንት በሚሉት ሰፈር የወሎ ሰዎች የሚሰበሰቡበት አንድ መስጊድ ይሄዳሉ፤ የሚያደርሳቸው አልአሚን የሚባል የእህታቸው ልጅ ነው። አንድ ቅዳሜ አልአሚን ሥራ ስላለበት ከማለዲን ያድርሳቸው ብላ ለመነቻቸው፣ እሺ አሉ። ለከማለዲን፣ «ሰውየውን አግኝተህ አዋራው፣ ሲያውቅህ ይወድሃል፤ መኪናውን ግን እባክህ ሰው አስመስለው» አለችው። ያቺ ቅዳሜ እንግዲህ የሱ ፈተና ናት። ካለፈ ሽማግሌ ይልካል። ሽማግሌው ደግሞ እኔ ነኝ። ሌላ ማን ሊሆን ነው?

የመኪናዋን ሰማያዊ መብራት በማግስቱ ነቀለው። ክንፉን ፈታ። ሳጥኑን ግን ሊያወጣው አንጀቱ አልቻለም፣ ድምፁን ቀንሼ እይዘዋለሁ አለ። የቀረው የበሮቹ ዘውድ ነው። እዚህ ላይ ነው ያ ሐሳብ የመጣለት። ሐጂ ጭፈራ ቤት ያሉት መኪና በሩ ሲከፈት የአላህ ስም ቢያበራ ምን ይላሉ? አፋቸው አይዘጋም? እኔንም አማከረኝ፣ ግሩም ነው አልኩ። ግሩም ነው ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ አልካድኩም።

ኤሌፋንት የባቡር ድልድይ ስር ወርክሾፕ ያለው አንድ ኮሎምቢያዊ አለ፤ ስፒከሮቹንም የገጠመለት እሱ ነው። ከማለዲን ጽሑፉን ከስልኩ ላይ መርጦ ላከለት፣ ሰውየው ትናንሽ መስታወት ላይ አስቀርጾ አመጣው። የሄድነው በጠራራ ቀን ነው። ኮሎምቢያዊው ወርክሾፑን አጨለመና አንዷን መብራት በእጁ ይዞ ወደ ጡብ ግድግዳው አበራት። ነጭ የዐረብ ጽሑፍ፣ ቁመቱ ክንድ የሚሆን፣ ተጠማዝዞ ተጠማዝዞ ግድግዳው ላይ ቆመ። የአማርኛውን የማላውቀው ሰውዬ የዐረቡን ከየት አባቴ አውቀዋለሁ፣ ግን ማማሩ ለመሃይምም ይታያል። ምን ይላል አልኩት።

«ማሻአላህ ነው ጋሼ» አለኝ። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። «አላህ የሻው ሆነ ማለት ነው።»

ከዘውድህ ይሻላል አልኩት። ኮሎምቢያዊውም በራሱ ቋንቋ አንድ ነገር አለ። ሦስታችንም ግድግዳውን እያየን ነበር። መሬቱን ያየ ሰው አልነበረም። ከበሩ መብራት ጋር አያይዞ ገጠመልንና ወጣን፣ ውጭ ፀሐይ ነበረች፣ በሩ ሲከፈት ምንም አይታይም።

ቅዳሜ ደረሰ። ኅዳር ስለሆነ እዚህ አገር በእኛ ሰዓት አስር ላይ ይጨልማል። ሐጂን ከቤታቸው ስንወስድ ግን ገና ብርሃን ነው። ከማለዲን አዲስ ኮት ለብሷል፣ ሽቶው መኪናዋን ሞልቷታል። ሐጂ በቀስታ ከፊት ገቡ። መራመጃቸውን ላስገባ ወደ ኋላ ሄድኩ።

«ቡቱ አይከፈትም እንዴ?» አሉ ሐጂ።

«ዕቃ አለበት ሐጂ» አለ ከማለዲን።

«የምን ዕቃ?»

ከማለዲን ቀበቶውን ማሰር ጀመረ። ቃል ላግዘው ብዬ፣ «ድምፅ ነው ሐጂ» አልኩ።

«ድምፅ ይሄን ያህል ቦታ ይፈጃል?» አሉ። ዞር ብለው አላዩንም። ስለዚህ መራመጃው ከኔ ጋር ከኋላ ተቀመጠ፣ እግሮቹ አገጬ ስር ሆነው።

የኔ ሥራ መንገድ ላይ የከማለዲንን ስም ማንሳት ነበር። ሥራ ወዳድ ነው፣ አይጠጣም፣ ሰው ይጠብቃል ማለት። ልጀምር ስል ብሪክስተን ላይ መንገዱ ተዘጋና፣ መዘጋጋት ሲነሳ የአብዮት አደባባይ ሰልፍ ትዝ አለኝ፣ ከሰልፉ ወደ ሰይቸንቶዋ ገባሁ። እንስራው ጋ ስደርስ ሐጂ ሳቁ። እውነት ነው የምላችሁ ሳቁ። ከማለዲን በመስተዋቱ አየኝ፣ ደስ ብሎታል። ከዚያ ፈራ ተባ እያለ መንዙማውን ከፈተው፣ በጣም ዝቅ አድርጎ። ድቤው ከቡቱ በቀስታ መጣ።  ከኋላ ሆኜ ሳይ የሐጂ ጣት ጉልበታቸው ላይ ድቤውን ትከተላለች። ትንሽ ቆይተው፣ ከፍ አድርገው አላሉም፣ ቀንሰውም አላሉም፣ «ይሄ የኛ አገር ድቤ ነው» አሉ።

ያኔ ጉዳዩ ያለቀ መሰለኝ። ለሠርጉ የምለብሰውን ሁሉ አሰብኩ።

መስጊዱ ጋ ስንደርስ ጨልሟል። ዝናብ አባርቶ መንገዱ ያብረቀርቃል። የመግሪብ ሰዓት ደርሶ ሰው በሩ ላይ ተሰብስቧል። ከማለዲን እግረኛ መንገዱን አስጠግቶ አቆመ። መራመጃውን ለሐጂ ላዘጋጅ ብዬ ቀድሜ ከፈትኩና ወረድኩ። ወርጄም እዚያው ቆምኩ፣ መራመጃው አልዘረጋልኝ ብሎ እየታገልኩ። ከእግሬ ስር ያ ነጭ ጽሑፍ እርጥቡ ንጣፍ ላይ ተዘርግቷል። ከግድግዳው ይልቅ እዚህ አምሯል ብዬ አሰብኩ። ይሄ ነው ያልኳችሁ ቦታ።

ወጣቶቹ ወሬያቸውን አቆሙ። አንዱ እዚሁ የተወለደ ልጅ ጠጋ አለኝና በትህትና፣ «ኤክስኪዩዝ ሚ አባባ፣ እግርዎት ስር እኮ» አለኝ። ጽሑፉ አምሮት መሰለኝ።

«አያችሁት አይደል?» አልኩ ለሁሉም። «እኛ ነን ያሠራነው።»

ሰው ሁሉ ጫማዬን ያያል። ጫማዬ ውሃና ጭቃ ነው፣ ጽሑፉ ደግሞ ጫማዬ ላይ ወጥቶበታል። እስካሁን ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳኝ «እኛ ነን ያሠራነው» ያልኩት ድምፄ ነው የሚሰማኝ። የገባኝ ግን ልጁን አይቼ አይደለም፣ ሐጂን አይቼ ነው። በራቸውን ከፍተዋል፣ አንድ እግራቸውን አውጥተዋል፣ እግሩ መሬት ሊነካ አንድ ስንዝር ሲቀረው አየር ላይ ቆሟል። ከስሩ የአላህ ስም ይበራል።

«ከማለዲን» አሉ። ድምፃቸው አልጮኸም።

«አቤት ሐጂ።»

«እግሬን የት ላድርገው?»

ከማለዲን በሩጫ ዞሮ መጣ። መሬቱን አየ። ሰው ፊቱ ሲሞት ታውቃላችሁ? ደሙ ሲወርድ በዓይኔ አየሁት። የራሱን በር ከፍቶ ሲወርድ እሱም ረግጦ ነው የወረደው፣ ያ ሁሉ አንድ ጊዜ ገባው። መጀመሪያ ሞተር አጠፋ። መብራቱ አልጠፋም፣ በሩ ክፍት እስከሆነ ድረስ ይበራል። አዲሱን ኮቱን አውልቆ መሬቱ ላይ አነጠፈው። ጽሑፉ ኮቱ ላይ ወጣ። ልጁ ካርቶን ይዞ መጣ፣ ካርቶኑም ላይ ወጣ። ምንም ብታነጥፍበት ከላይ ነው የሚሆነው፣ ብርሃን አይደል። በሩን እንዝጋው እንዳንል የሐጂ እግር ውጭ ነው፤ ያ ጉልበት ለመውጣት እንኳ ስንት ደቂቃ ፈጅቶበታል፣ አሁን ተመልሶ አይታጠፍም። ሽማግሌው የበሩን መያዣ ጨብጠው፣ እግራቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ጀማዓው እያየ፣ እንዲያው ተንጠልጥለው ቀሩ። የሳቀ ሰው የለም። ቢስቁ ይሻል ነበር።

በመጨረሻ ከማለዲን ውሃው ላይ ተንበረከከ። እጁን ከበሩ ስር አስገብቶ መብራቷን ፈልጎ በመዳፉ ከደናት። መሬቱ ጨለመ። በጣቶቹ መሐል ቀይ ቀይ ብላ ትታያለች። ሐጂ ክንዳቸውን አውርደው እጃቸውን የከማለዲን ራስ ላይ አስደገፉ፣ ሌላ የሚደገፉበት አልነበረምና፣ ቢስሚላህ ብለው ኮቱን ረግጠው ወረዱ። መራመጃውን ሰጠኋቸው።  ወደ መስጊዱ ገቡ፣ ሰውም ተከተላቸው፣ እኛ ቀረን። ከማለዲን እዚያው እንደተንበረከከ ነው። በሩ ክፍት ስለሆነ እጁን ማንሳት ፈርቷል። እኔ ነኝ በሩን የዘጋሁለት።

ገብተህ ስገድ አልኩት፣ «በምን ፊቴ ጋሼ» አለኝ። መብራቶቹን እዚያው በጨለማው ነቀላቸው። መፍቻ የለም፣ በጥፍሩ ነው። በር ይከፍትና ወዲያው በመዳፉ ይሸፍናል፣ በሌላ እጁ ይጎለጉላል፣ ደግሞ ወደ ሌላው በር። ሲጨርስ አራቱን በእጁ ይዞ መንገድ ዳር ያለውን የቆሻሻ ቅርጫት አየ፣ ተመልሶ መጣ። ስሙ ያለበትን እንዴት ቆሻሻ ላይ ይጣላል? በመሀረብ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ከተታቸው።

ሐጂ ከሰላት ሲወጡ ወደኔ ዞረው፣ «አልአሚን ይመጣል፣ እሱ ያደርሰኛል» አሉ። ከማለዲንን አላዩትም። ወይም እንዳያፍር ብለው ነው። እስከ ክላፋም መንዙማው እንኳ አልተከፈተም። እኔ ሳላወራ ያን ያህል መንገድ ተጉዤ አላውቅም።

ከዚያ ከማለዲን ጠፋ። ጠፋ ስል አለ፣ በሩ ከበሬ ፊት ለፊት ነው። ግን ሰቢሃ ስትደውል አያነሳም። ማለዳ ያቺን ባስ እንዳይነዳ አለቃውን ለምኖ ሌላ መስመር አስቀየረ። ሰላቱን ቤቱ ነው የሚሰግደው። መኪናዋን ሸራ አልብሶ ተዋት። ሐጂ እምቢ ብለውት ቢሆን ኖሮ ይችለው ነበር፣ ግን ማንም እምቢ አላለውም፤ እሱ ራሱ ነው ጥያቄውን የተወው። «እኔ ነኝ እንጂ ጋሼ ጭፈራ ቤቱ» አለኝ አንድ ቀን በር ላይ።

አንድ ጠዋት ሰቢሃ ራሷ መጥታ በሬን አንኳኳች። እሱ እንደማይከፍትላት አውቃለች። ሐጂ ጠይቀዋል አለችኝ፦ «ያ መብራቷን በእጁ የያዘው ሰውዬ የት ጠፋ?» ብለዋል። ይምጣ ብለዋል። በመኪና ግን እንዳይሆን፣ በባስ ይምጣ ብለዋል። ይሄን ስትናገር ሳቀች፣ ወዲያው ደግሞ ዓይኗን ጠረገች።

እየጎተትኩ ነው የወሰድኩት። ስትሪትሃም ድረስ ባሱ ውስጥ ከነጂው ጀርባ ተቀምጦ ወለሉን ሲያይ ሄደ። ሐጂ ሳሎናቸው ውስጥ ጉልበታቸውን ጋቢ አልብሰው ተቀምጠዋል። ሰላምታ ተሰጣጣን። ከማለዲን ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ አንገቱን አላነሳም።

«መብራቶቹን የት ጣልካቸው?» አሉት።

እጁን ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተና ያንን መሀረብ አወጣ። ያን ሁሉ ጊዜ ይዞት ሲዞር ነው የከረመው፣ ባስ ሲነዳም ይዞት። «የምጥልበት ቦታ አጣሁ ሐጂ» አለ። 

ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። መሀረቡን ተቀብለው ሳይፈቱት ለሰቢሃ ሰጧትና ወደ ላይኛው መደርደሪያ፣ ቁርዓኑ ወዳለበት፣ በአገጫቸው አመለከቱ። ወንበር ላይ ወጥታ አስቀመጠችው። ከዚያ ሐጂ ወደኔ ዞሩ።

«ሽማግሌ ሆነህ የመጣህ እንደሆነ ተናገር እንጂ» አሉኝ።

እኔ ኃይለልዑል፣ ፒያሳን ሙሉ ያሳቅኩ ሰው፣ ለዚህች ቀን ስንት ቃል ያዘጋጀሁ፣ አፌን ከፈትኩ፣ ምንም የለም። ዓይኔ ጫማዬ ላይ ሄዶ ቀረ። ምንጣፋቸው ላይ ስገባ አውልቄው በር ላይ ነው ያለው፣ እኔ ግን እግሬ ላይ ያለ መሰለኝ። ሐጂ ጠበቁኝ፣ ጠበቁኝ፣ ከዚያ፣ «በቃ ገብቶኛል» አሉ። «ቀኑን እናንተ ተመካከሩ።»

ኒካሁ ታሰረ። ሰቢሃና ከማለዲን አሁን አብረው ናቸው። ሸራው ተነስቷል፣ ሳጥኑ ከቡቱ ወጥቷል፤ አሁን የሐጂ መራመጃ ነው እዚያ የሚገባው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያደርሳቸው ከማለዲን ሆኗል፣ እኔም ከኋላ አልቀርም። ባለፈው መንዙማው ሲከፈት ሐጂ አዳመጡና፣ «ድቤው ቀጠነብኝ፣ ያ ድምፅ የት ሄደ?» አሉ። ከማለዲን ተሸጧል አላቸው። ጆሮው ድረስ ቀላ።

መስጊዱ ጋ ስንደርስ በራቸው ይከፈታል። ምንም አይበራም፣ ጨለማ ነው። ሐጂ ግን ሁልጊዜ እግራቸውን ከማውጣታቸው በፊት ትንሽ ቆም ብለው መሬቱን ያያሉ። ለክፋት አይደለም፣ ለምዶባቸው ነው። ያን ጊዜ ከማለዲን ፊቱን ወደ መንገዱ ያዞራል። እኔም ምን እያወራሁ እንደነበረ ይጠፋኛል።